ጋሼ ቆመው የሰሙት ፍትሐት

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በማለዳ ተነሥቼ ላምበረት መናኸሪያ ስደርስ ገና ረፋድ ነበር። ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነው። ሰዉ ዶሮና እንቁላል ይዞ ይራወጣል። እኔ ግን የመጣሁት ለበዓል አልነበረም። የአክስቴ የእቴቴ ባለቤት፣ ጋሼ፣ ሰኞ በድንገት አርፈው ማክሰኞ ተቀብረዋል። ለቀብራቸው አልደረስኩም። ለሰልስቱ ነው የመጣሁት።

ከመገናኛ የአራት ኪሎ ታክሲ ያዝኩ። ግንፍሌ ስደርስ የእድሩ ድንኳን ከሩቅ ታየኝ። እቴቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። እያለቀስኩ አንገቷ ላይ ልጠመጠም ስል እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

“ሕማማት ነው፣ ልጄ።”

ረስቼው ነበር። በሰሙነ ሕማማት መሳሳም የለም። ይሁዳ ጌታን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነውና ምእመናን በዚያ ሳምንት ተሳስመው ሰላም አይባባሉም። ካህናቱም መስቀል አያሳልሙም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ባሏን የቀበረች አክስት ፊት እጅን አጣምሮ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳልስማት አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ትከሻችን ብቻ ተነካካ።

ለቅሶ ቤት ስለሆነ ንፍሮ ይዞራል። ከጎረቤት ደግሞ ጉልባን መጣ። የሐሙሱ ጉልባንና የሐዘኑ ንፍሮ አንድ ትሪ ላይ ገጠሙ። ከሁለቱም ቆነጠርኩ።

ማታ ሰው ቀለል ሲል ስለ ፍትሐቱ፣ ለሞተ ሰው ስለሚደርሰው ጸሎት፣ ጠየቅኋት። በሕማማት ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አታደርስም፤ ክርስትናም አታነሣም። ያ ሳምንት የጌታ ሐዘን ብቻ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉ ሁሉ ጸሎተ ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ይደርሳል። ማን እንደሚሄድ ግን ማንም አያውቅም። እቴቴና ጋሼ በሆሣዕና እሑድ አራዳ ጊዮርጊስ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ጋሼ ከዘንባባው ቀለበት ሠርተው አጥልቀውላታል። ሐሙስ ማታም ጣቷ ላይ ነበር፤ ደርቋል።

“በማግሥቱ ሄደ” አለችኝ። “የራሱን ፍትሐት በእግሩ ቆሞ ሰምቶ ሄደ።”

ይህን ስትል አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ዓርብ ስቅለት ነው። ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ተነሥቷል። ወደ አራዳ ጊዮርጊስ በእግራችን ሄድን። ከግንፍሌ ወደ አራት ኪሎ ወጥተን፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረን፣ ፒያሳ። ግንፍሌ ከመግባታቸው በፊት የኖሩት ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተበተነ። ጋሼ ግን ቤተ ክርስቲያናቸውን አልቀየሩም። በየእሑዱ በእግራቸው ይመጡ ነበር። ስምንት ማዕዘን ያለው ይህ ካቴድራል የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው። በ1888 ዓ.ም. የጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ዘምቶ ነበር። ዛሬ ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም እዚያው ፒያሳ ተሠርቷል። መንገዱ ሰፍቷል፤ አካባቢው ተለውጧል። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ግን ያው ነው።

ያን ቀን ስንቴ እንደሰገድኩ አልቆጠርኩም። ኪርያላይሶን እየተባለ መውደቅ፣ መነሣት፣ እንደገና መውደቅ። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከወንጌሉ ጋር መግጠሙ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ስድስት ሰዓት ሲሆን “አሁን ተሰቀለ” ትላለህ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን “አሁን ነፍሱን ሰጠ።” በእጅህ ሰዓት ነው የምትከተለው። እቴቴ 61 ዓመቷ ነው። “አረፍ በይ” ብላት አልሰማችኝም። ማታ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን እየነኩ ስግደት ሲያዙ የተሰጣትን አንድም አላስቀረችም።

ቅዳሜ ቄጤማው መጣ። ደወል እያቃጨሉ “ገብረ ሰላመ በመስቀሉ” የሚሉ ዲያቆናት በግንፍሌ ሰፈር ዞሩ። እቴቴ ግንባሯ ላይ አሰረች፤ ለእኔም አሰረችልኝ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አክፍላለች።

ሌሊቱን ስለ መቆሙ ብዙ አልናገርም። ሰዉ ከግቢው ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ቆሟል፤ ጧፉ አልበራም። ከዚያ ዲያቆኑ “ተንሥአ እግዚአብሔር ከመ ዘንቃሕ እምንዋም” ሲል መጣ። እግዚአብሔር ከእንቅልፍ እንደሚነቃ ተነሣ። ጧፍ ከጧፍ እየተለኮሰ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ደረሰ። ዕልልታው ፒያሳን ሞላው። ካህኑ “ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን” አለ። ሕዝቡ “በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን” ብሎ መለሰ።

“አሰሮ ለሰይጣን።”

“አግዐዞ ለአዳም።”

“ሰላም።”

“እምይእዜሰ።”

“ኮነ።”

“ፍሥሐ ወሰላም።”

እቴቴ ዞር ብላ ሳመችኝ። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ደጋግማ። ከሐሙስ ጀምሮ ያልተሳሳምነውን ሁሉ ነው የሳመችኝ። ፊቷ በእንባ ርሷል። ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ ነው። ደስታውና ሐዘኑ አንድ ፊት ላይ ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አላባረረውም። ትንሣኤን የሚያምን ሰው አያዝንም ለሚሉ ያን ፊት ባሳየኋቸው።

ቤት ስንገባ ሊነጋጋ ነበር። እኛ ዶሮ አልሠራንም። ጎረቤቶች ግን ቀድመውናል። አንዷ ተልባ በጥብጣ አምጥታለች፤ “ባዶ ሆድሽን ቅባት እንዳይጎዳሽ” እያለች። ሌላዋ ዶሮ ወጡን ከነድስቱ። የወንጌላውያን አማኝ የሆነችው ጎረቤቷ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኗ ስትመለስ ገባችና “ኢየሱስ ተነሥቷል እትዬ፣ ተነሥቷል!” ብላ እጇን ይዛ ከፍራሹ አስነሣቻት። እቴቴ ተነሥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ወደ ፍራሹ አልተመለሰችም።

ሰኞ ማዕዶት ነው። ብቻዬን ወደ ጊዮርጊስ ሄድኩ። በሩ ላይ እንደለመድኩት ልሰግድ ጎንበስ ስል አንዲት እናት ትከሻዬን ያዙኝ።

“ቀና በይ ልጄ። ስግደት የለም። ተነሥቷል እኮ።”

እውነታቸውን ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ስግደት የለም፤ የረቡዕና የዓርብ ጾምም የለም። ሥርዓቱ የትናንት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች፣ በእሑድና በእነዚህ 50 ቀናት ምእመናን ቆመው እንዲጸልዩ በ20ኛው ቀኖናቸው ደንግገዋል። ዘንድሮ ያ ጉባኤ 1700 ዓመት ሞላው። የምሥራቁና የምዕራቡ ፋሲካም ዘንድሮ በአንድ ቀን ውሏል። እኔ ግን ቀኖናውን የተረዳሁት በጉልበቴ ነው። ዓርብ ሲወድቅ ሲነሣ የዋለ ጉልበት አሁን ቀጥ ብሎ ቁም ሲባል ግራ ይገባዋል። በጾም መድከሙን ለምደነዋል፤ ቆሞ ደስ መሰኘት ነው ያልለመድነው። ረቡዕ ጠዋት ፒያሳ ማኪያቶ ስጠጣ እንኳ ስኒውን ሁለቴ አስቀምጬዋለሁ። የጾም ቀን መስሎኝ።

በዚህ ሳምንት ቀኑ ሁሉ ስም አለው። ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ የአዳም፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን። ቅዳሜ የቅዱሳት አንስት ነው፤ ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ የገሠገሡት ሴቶች። እቴቴ ቅዳሜን መርጣ ወደ ጋሼ መቃብር ወሰደችኝ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። “እነሱም አልቅሰው ነው የሄዱት” አለች። ከዚያ ወደ መቃብሩ ዞራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ “ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን” አለች።

ዝም አለች። ለካ መልስ እየጠበቀች ነው። በየፋሲካው ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይህን የሚቀባበሏት ጋሼ ነበሩ። ቃሉ ደግሞ ለብቻ አይባልም፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይመልሳል።

“በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን” አልኩ።

“አሰሮ ለሰይጣን” አለች።

እስከ መጨረሻው አደረስነው።

በዳግም ትንሣኤ ማግሥት ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። በነጋታው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እቴቴ ናት። “እንዴት አደርሽ” አላለችኝም። የመጀመሪያውን ብላ ጠበቀች። አልጋዬ ላይ ተነሥቼ ተቀምጬ መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ትደውላለች። ዛሬ ሚያዝያ 28 ነው፤ ከፋሲካ 17ኛው ቀን። ጰራቅሊጦስ ሰኔ 1 ነው። የማንቂያ ደወሌን ለ11 ሰዓት ከ50 ሞልቼዋለሁ።