ባልንጀሮቼ፣ ቁሙ በተራ

ወዳጆቼ፣ በአገር ቤትም በባዕድ አገርም ያላችሁ፣ እንኳን ለእንቁጣጣሽ በሰላም አደረሳችሁ!

ዛሬ ማለዳ በራችንን ያንኳኩት አምስት የሠፈራችን ልጃገረዶች ነበሩ። አውጪዋ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ በአንድ እጇ ጨብጣ «አበባየሆሽ» ትላለች፣ ሌሎቹ «ለምለም» እያሉ ይቀበላሉ። «ባልንጀሮቼ፣ ቁሙ በተራ» የሚለው ላይ ሲደርሱ የፊት ጥርሶቿ የወለቁት ትንሿ ልጅ መቀበሏን ትታ «አሁን እኔ ነኝ የማወጣው!» ብላ ቆመች። ዘፈኑ ተቋረጠ። ትልቋ አልተቆጣችም። «እዚህ ቤት እኔ ልጨርስ፤ የሚቀጥለው ቤት ያንቺ ነው» አለቻት። ትንሿ ሣሯን እያሸች ጥቂት አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። ዘፈኑ ካቆመበት ቀጠለ።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ምክንያቱም ጳጉሜን ሙሉ ስለ አንዲት የምክር ቤት ሰው ሳስብ ነው የከረምኩት፤ የምክር ቤት ሰብሳቢ ሥራ ደግሞ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ባልንጀሮችን በተራ ማቆም። ድሮ «አፈ ንጉሥ» የሚባል ሹመት ነበረን፤ አፉ የንጉሥ ነው። ዛሬ «አፈ ጉባኤ» እንላለን። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን መንገድ ያህል የሚያስቸግር መንገድ በአገራችን ታሪክ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሳስባቸው የከረምኩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ነው። አንደኛው የእንቁጣጣሽ ምክንያቴ ይህ ነው፦ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ እንዲመርጥ ከፈቀደ በኋላ፣ የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው በመስከረም 1950 ዓ.ም. ነበር። አደይ አበባው ሳይረግፍ ማለት ነው። ፓርቲ የለም፤ እያንዳንዱ ዕጩ የቆመው በስሙ ነው። ከዚያ ምርጫ ስንዱ ገብሩ በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው ወጡ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ደግሞ የዚያው ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዛሬው አነጋገር ምክትል አፈ ጉባኤ መሆናቸው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነገርላቸው «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ ወደዚያ ወንበር ይዘውት የመጡት ስንቅ ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ፣ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላኩት የኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። ልጃቸውን ገና በለጋ ዕድሜዋ ስዊዘርላንድ ሰደው አስተማሩ። ሌላው ሰው ሴት ልጁን ለመዳር በሚጣደፍበት ዘመን! ስንዱ ተምረው በተመለሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጣሊያን ገባ። ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፣ ተማረኩ፣ ሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው የአሲናራ ደሴት ተጋዙ። እዚያ ደሴት ላይ አደይ አበባ የለም። መስከረም ጠብቶ እንደሆነ የሚያውቁት ቀን በመቁጠር ብቻ መሆን አለበት።

ከነፃነት በኋላ አስተማሪ ሆኑ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ከመሩት ውስጥ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት እሳቸው ናቸው። ግጥምና ተውኔት ይጽፉ ነበር፤ ተውኔቶቻቸውንም ተማሪዎቻቸው መድረክ ላይ ይጫወቱላቸው ነበር። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰው ፊት ቀና ብላ እንዳትናገር ተኮትኩታ ያደገችን ልጅ መድረክ ላይ አውጥቶ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ማለት፣ የሌላዋንም ቃል ጨርሳ እስክትሰማ ተራዋን እንድትጠብቅ ማስተማር ለኔ የምክር ቤት ልምምድ ነው። ምክትል ፕሬዚዳንቷ ሥራውን የተማሩት እዚያ ነው ብዬ ብገምት የምሳሳት አይመስለኝም።

ወንበሩን ከልክ በላይ ላግንነው አልፈልግም። የዚያ ዘመን ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትር አይሾምም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያልፈቀዱት ሕግም ሕግ አይሆንም። ጉባኤው አፍ ነበረው፣ ጥርስ ግን አልነበረውም። ይህን ከስንዱ በላይ የሚያውቅ ሰው የነበረ አይመስለኝም፤ እንዲያም ሆኖ ወንበሩን አልናቁትም። በዚያው በ1960 ታኅሣሥ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረና አዲስ አበባ በጥይት ተናወጠች። እሳቸው በኋላ ወደ ጀርመን ተልከው ቦን በሚገኘው ኤምባሲያችን የባህል አታሼ ሆኑ። ስለዚህ በበረዶ አገር ሆናችሁ ዛሬ ድፎ ዳቦ በቤት ምድጃ ለጋገራችሁ ወዳጆቼ፦ ስንዱም እንደናንተ እንቁጣጣሽን በባዕድ አገር አክብረዋል። ያረፉት በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜያቸው ከዘጠና አልፎ ነበር።

ከእሳቸው በኋላ ወይዘሮ አልማዝ መኮ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመጀመሪያዋ አፈ ጉባኤ ሆኑ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ግን እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ሴት አፈ ጉባኤ አልነበረውም፤ ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል ሲሾሙ ከስንዱ ምክትልነት በኋላ ሃምሳ ስምንት ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። ተራ መጠበቅስ ይኸን ያህል ነው?

ሕገ መንግሥቱ እንደሚለው የምክር ቤቱ ዘመን የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። የዘንድሮውም ከሳምንታት በኋላ ይከፈታል፤ አራት ኪሎ መንገዱ ይዘጋል፣ እኛም ታክሲ ጥበቃ ተሰልፈን እናማርራለን። ያን ቀን ሰብሳቢው «ተራዎን ይጠብቁ» ሲል ብሰማ የማስበው የዛሬዋን አውጪ ነው።

ልጆቹ ዘፈናቸውን «ከብረው ይቆዩን ከብረው» ብለው ጨርሰው፣ ብራቸውን ተቀብለው ወጡ። እኔም ነጠላዬን ደርቤ እስከ አጥሩ ተከተልኳቸው። የጎረቤታችን በር ሲከፈት መጀመሪያ የተሰማው ቀጭን፣ በወለቁ ጥርሶች መካከል የሚያፏጭ ድምፅ ነበር።

«አበባየሆሽ!»