በሬውን እንዳይሸጡት

ደብረ ብርሃን የጆሮ ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ነው። አንድ አባት የጣርማበርን ዳገት ወጥተው ከሸዋ ሮቢት መጡ። ብርዱ አንገፍግፏቸው ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል። የ22 ዓመት ልጃቸው ግድግዳውን ይዛ ቆማለች።

«ድምፅ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም» አለችኝ። ሲመሽ እንደምትንገዳገድም ነገረችኝ። ይሄን ስሰማ ‘ነርቩ ይሆን እንዴ?’ ብዬ ቆም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ማስኬን እንዳደረግኩ እጮህባት ጀመር። አባቷንም «አይዞዎት ጋሼ፣ ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባል ጆሮ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ አለ፤ ትሰማለች» አልኳቸው። ሐኪሙ ለኤምአርአይ፣ የራስ ውስጥን ለሚያሳየው ምርመራ፣ አዲስ አበባ ላካቸው።

ውጤቱ ሲመጣ በሁለቱም የመስማት ነርቮቿ ላይ ዕጢ አለ። ኮክሌር ኢምፕላንት ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ተቀምጦ ነርቩን በኤሌክትሪክ ነው የሚቀሰቅሰው። ነርቩ ከተበላሸ፣ ወይም ዕጢው ሲወጣ ከተቆረጠ፣ መሣሪያው ብቻውን ምን ይሠራል?

ወዲያው ለአባቷ ደወልኩ። «ሲስተር፣ ለመሣሪያው ብዬ በሬዬን ቅዳሜ ገበያ ላወጣው ነው» አሉኝ። ክው አልኩ። «ጋሼ፣ በእግዜር፣ እንዳይሸጡት!»

ሲመለሱ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ሽንኩርት በመስኖ የሚያለሙ ሰው ናቸው፤ ከእኔ ቀድመው ገባቸው። «ምንጩ ቢጠራም ቦዩ ከተናደ ማሳው አይጠጣም በይኛ። ቦዩን ዘሎ ማሳው ላይ የሚያፈስስ የለም?»

አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዊልያም ሃውስና ዊልያም ሂትስልበርገር የተባሉ ሐኪሞች ነርቩን ትተው ኤሌክትሪኩን የሚያደርሰውን ኤሌክትሮድ በቀጥታ አንጎል ግንድ ላይ አኖሩት፤ የመስማት ነርቭ መልእክቱን የሚያደርስበት ቦታ ላይ። ታማሚዋ እንደዚህች ልጅ በሁለቱም በኩል ዕጢ የነበረባት ሴት ነበረች። አሜሪካ ይህን አንጎል ግንድ ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ ለእንዲህ ዓይነት ታማሚዎች በ2000 ፈቀደች።

አሁን ግን ሁሉንም ነገርኳቸው። የራስ ቅል ተከፍቶ የሚሠራ ከባድ ቀዶ ጥገና ነው። አብዛኞቹ የሚያገኙት የድምፅ መኖርንና የንግግርን ምት ነው። ከንፈር ከማንበብ ጋር ሲሆን በጣም ያግዛል፤ በጆሮ ብቻ ንግግር የሚለዩት ጥቂቶች ናቸው።

ማስኬን አውልቄ ነበር። ልጅቷ አፌን አፌን እያየች «ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት።

«በር ሲንኳኳስ?»

«ሊሰማሽ ይችላል» አልኳት። «ሊ» የምትለዋን ረገጥ አድርጌ።