የስዊድኑ መደወያ

አሮጌ የቤት ስልክ የምትጠግኑ ከሆነ፣ ስልኩ በትክክል እስኪደውል ድረስ ከውስጡ የወጣች አንዲት ብሎን እንኳ አትጣሉ። ይህን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ስልኩ የአባቴ ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ አካሉ ባክላይት የሆነ ኤሪክሰን። ከአራት ኪሎ ወደ ሰበታ ስንወጣ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ተረስቷል። አብዛኛው ሥራ ቀላል ነበር። አካሉን በመኪና ፖሊሽ አበራሁት፤ የእጀታውን ገመድ ምናለሽ ተራ አገኘሁ። ድምፅህ አይሰማም ሲሉኝ ማይክሮፎኑን አውጥቼ በመዳፌ መታ መታ አደረግሁት፤ ውስጡ ያለው የካርቦን ብናኝ ተጋግሮ ኖሯል። አዲስ ግዙ የሚሏችሁን አትስሙ፤ መጀመሪያ ምቱት።

ጉዱ የመጣው በመደወያው ነው። ሞላው ተሰብሮ ስለነበር ስቶክሆልም ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ ጻፍኩለት። ኤሪክሰን የስዊድን ነው፣ ስዊድን ደግሞ የኤሪክሰን አገር ናት፤ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? የላከልኝ ሙሉ መደወያ እዚህ ሲደርስ ያገደው መሥሪያ ቤት “የመገናኛ መሣሪያ ስለሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል” አለኝ። መዳፍ የማትሞላ የብረት ክብ! ሦስት ቀን ተመላልሼ አስለቀቅሁት።

ልክክ ብሎ ገጠመ። ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳውም እንደ ወተት የነጣ ነበር። የአባቴን የወየበ ሰሌዳ ከሌሎች ውዳቂዎች ጋር ለቆራሌው ሰጥቼ አሥር ብር ተቀበልሁ።

ጉለሌ ያለችው እህቴ ጋ ደወልሁ። አንዲት አሮጊት አነሡ። ይቅርታ ጠይቄ ደገምሁ፤ እሳቸው። በማግስቱም እሳቸው። በአራተኛው “ልጄ፣ እህትህ እዚህ የለችም ብዬሃለሁ” አሉኝ። የመስመር ብልሽት ነው ብዬ አገልግሎት መስጫ ሄጄ ተሰለፍኩ። ሠራተኛዋ ስልኩ የሚዞር መደወያ እንዳለው ስትሰማ ሳቀችና “ይህ ከእንግዲህ አይሠራም፣ ባለ ቁልፍ ይግዙ” አለችኝ። ተቆጥቼ ወጣሁ። መስመሩ የሚዞረውን መደወያ ባይቀበል ኖሮ አሮጊቷም ባላነሡ ነበር! (የእናንተ መስመር መቀበሉን ለማወቅ ባለ ቁልፍ ስልክ ተዋሱ፤ ጎኑ ላይ ቶንና ፐልስ የሚለውን መቀያየሪያ ወደ ፐልስ፣ ማለትም እንደሚዞረው መደወያ ቁጥሩን በምት ቆጥሮ ወደሚልከው፣ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከሠራ ማንንም አትጠይቁ።)

ግን እኔም ደንቆሮ ነበርሁ። ብልሽት ቢሆን ኖሮ በየጊዜው ሌላ ሰው ያነሣ ነበር፤ የሚያነሡት ግን ሁልጊዜ እኒያው እናት ናቸው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ሌሊት፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ 1ን አዞርሁ። ቀጭ፣ ቀጭ። ሁለት ጊዜ!

ለካ በስዊድን መደወያ የመጀመሪያዋ ቀዳዳ 0 ናት። እዚያ 0 አንድ ምት፣ 1 ሁለት ምት፣ 9 ደግሞ ዐሥር ምት ነው። በእኛ አገር አንድ ምት 1 ነው፤ ዐሥር ምት 0። ስለዚህ ስልኬ የእህቴን ቁጥር እያንዳንዱን አኃዝ አንድ አንድ እየጨመረ ይደውል ነበር። ያው ፋብሪካ ለእኛ የላከው ከ1 ይጀምራል፤ ለራሱ አገር የሠራው ከ0። ሰሌዳውን ስመለከት ንጣቱን እንጂ ተራውን አላየሁም።

መፍትሔው ደግሞ አሳፋሪ ነው። ማሽኑ ምንም አልጎደለውም፤ የሚለየው ሰሌዳው ብቻ ነው። የአባቴን አሮጌ ሰሌዳ ብመልስበት በአምስት ደቂቃ ይስተካከል ነበር። በሰሌዳው መሃል ላይ አባቴ በእጁ የጻፈው ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥራችን ነበረ፤ ከ1998 ዓ.ም. መስከረም በፊት የነበረው፣ አዲስ አበባ ሰባት አኃዝ ሳትጀምር። አሥር ብር!

አሁን ልጄ በወፍራም ወረቀት የሣለችው ሰሌዳ ተለጥፎበታል፤ 7ቷ ትንሽ ዘምማለች። እህቴ ታነሣለች። ዘይት ካስፈለጋችሁ የስፌት መኪና ዘይት አንዲት ጠብታ ለዘንጉ ብቻ ስጡ፤ ፍጥነቱን የሚገታውን ክፍል አታስነኩ፤ አለዚያ ይጣደፍና ቁጥር ይስታል።

ቆራሌው አሁንም በሰፈራችን ያልፋል። ድምፁን ስሰማ እወጣለሁ፤ እሱም ሳልጠይቀው ከረጢቱን ይከፍትልኛል።