እማማ መስኮት

ስለቴን ላደርስ ከሁለት ልጆቼ ጋር ጅማ የገባሁት በሐምሌ ዝናብ ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሁለት ጃንጥላ ጭኜ መጣሁ፤ አንዱ ለልጄ፣ አንዱ ለታናሽ እህቱ፣ በ40 እና በ80 ቀናቸው ክርስትና ለተነሡበት ደብር። ሐምሌ 19 ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ «ምን ተደረገልሽ?» ሲሉኝ እንባ ቀደመኝና ግማሹን ሳልናገር ተመለስኩ። የቀረውን እጽፈዋለሁ። የሚያሳፍረኝም ያለው በቀረው ውስጥ ነው።

ባለቤቴ ለሥራ ወደ ጀርመን ቀደመን። እኔ አዲስ አበባ በጎተ ኢንስቲትዩት የመጀመሪያውን ደረጃ የቋንቋ ፈተና አልፌ፣ ቪዛ ጠብቄ ልጆቹን ይዤ ስደርስ ልጄ አምስት ዓመቱ፣ እህቱ ሁለት ዓመቷ ነበር። የተከራየልን ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወጥ ቤቱ ባዶ ነበር፤ እዚያ አገር ብዙ ተከራይ ሲለቅ ምድጃውንም ቁም ሣጥኑንም ነቅሎ ይሄዳል። ቀስ በቀስ ሞላነው። ያልለመድነው ከእግራችን ሥር ሰው መኖሩን ነው።

ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር፣ በእናቴ ግቢ ልጆቼ ከበረንዳ እስከ አጥር ሲሮጡ የሚደነግጥ ዶሮ ብቻ ነበር። እዚያ ግን ኳስ በነጠረ ቁጥር ከሥራችን ያለችው ሴትዮ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች። ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጸጥታ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጸጥታ፣ እሑድ ቀኑን ሙሉ ጸጥታ። በራችን ላይ ወረቀት ትለጥፋለች። አንደኛው ስለ ዕጣኔ ሽታ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ተንበረከክሁ። «አምላኬ ሆይ፣ ከዚህች ሴት ገላግለኝ። ወይ እሷን አንሣት፣ ወይ እኛን አንሣን።» ቃሉ ይኸው ነው፤ አላሳመርኩትም።

በማግስቱ ባለቤቴ ሥራ ገባ። በዚያ ወር ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል አይሞላም፣ ይጨልማል። ቡና አማረኝ፤ እናቴ የላከችው የጅማ ቡና ነበረኝ። ጀበናዬ ቂጡ ክብ ስለሆነ በመስታወቱ ምድጃ ላይ አይቆምም። ባለቤቴ በበጋ ለሥጋ መጥበሻ የገዛው ከሰል ተርፎ ነበር፤ በሻንጣ ባመጣኋት ማንደጃ በረንዳው ላይ አቀጣጠልኩት፣ ጭሱ እስኪወጣለት ጠበቅሁ፣ ሲቀላ አስገባሁት። እናቶቻችን እንዲህ ነው ያስተማሩን። ከሰል ጭሱ ሲያልቅ ጉዳቱም ያለቀ ይመስለናል። አላለቀም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ከቀላ ፍም እንደ ልብ ይወጣል። የእናቴ ቤት በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ጨረቃ ያሳያል፤ ያ የምንማረርበት ክፍተት ነው ያኖረን። የጀርመን መስኮት ግን ዙሪያውን ጎማ ነው። እኔ ደግሞ የሴትዮዋን ወረቀት ፈርቼ ሁሉንም ጥርቅም አድርጌ ዘግቼዋለሁ። ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ዝም አለ፤ እሱ ጭስ እንጂ ይህን ጋዝ አያውቅም።

አቦሉን ጠጣሁ። ቶናው ላይ ትንሿ ምንጣፉ ላይ ተኛች፤ ደክሟት ነው አልኩ። ልጄ «እማ፣ ራሴን» አለና አስመለሰው። የእኔም ራስ ሊፈነዳ ደርሷል፤ ብርድ ነው አልኩ። ውኃ ላመጣለት ስነሣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ረከቦቱ ላይ ወደቅሁ። ሲኒው ሁሉ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

እሑድ፣ በጸጥታው ቀን።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የሰማሁት ከልጄ ነው። ደወሉ ተደወለ፣ እየተንገዳገደ ከፈተ። ልትጮህብን የመጣችው ሴት በሩ ላይ ቆማ አየችን። ማንደጃውን አየች። መስኮቶቹን በሙሉ በረገደች፣ ልጆቹን ደረጃው ላይ አወጣች፣ እኔን በብብቴ ይዛ ጎተተች፣ 112 ደወለች። እኔ አንሣት ብዬ ለምኜ ነበር። አነሣት፤ ከወንበሯ አንሥቶ ደረጃውን አስወጣት።

ሌሊቱን ሆስፒታል ሦስታችንም ኦክስጅን ስንስብ አደርን። ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ አስረዳችኝ፤ ያ ጋዝ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው፤ ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድሞ ይይዛቸዋል። ገብርኤል ሊነግሥ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበርና ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣውን መልአክ እያሰብኩ ጃንጥላውን የተሳልኩት በልጄ አልጋ ጠርዝ ነው። በሁለተኛው ቀን ልጄ ኳሱን ጠየቀኝ።

ለእናቴ ስልክ ደውዬ «ሴትዮዋ እንዲህ አደረገች» ስላት አቋረጠችኝ። «ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ሰባ ያልፋታል።»

«ታዲያ የእናትሽን እኩያ ‹እሷ፣ እሷ› ትያለሽ?»

ከዚያን ቀን ወዲህ እሳቸው ናቸው። ዛሬም ኳስ ሲነጥር በመጥረጊያ ይመታሉ፤ ከዚያ ልጆቹን ለኬክ ይጠራሉ። ልጆቼ «እማማ መስኮት» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። የጋዙን ማስጠንቀቂያ ገዝተን ሰቅለናል፤ ከሰሉን ጥዬዋለሁ። የቅዳሜውን ጸሎቴን ግን አልነገርኳቸውም። ጀርመንኛው ቢሞላልኝም ፊት የለኝም።

እዚህ ጅማ ማታ ማታ ዝናቡ ሲበረታ እናቴ የቀላውን ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት ልታስገባ ትሞክራለች። ትናንትም ከእጇ ተቀብዬ ወደ በረንዳ መለስኩትና መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትሁት።

«እማማ መስኮት እዚህም መጣችብኝ!» ብላ ጋቢዋን ተከናነበች።