ፍሪዘር ውስጥ ያደረው ሰማያዊ ብልቃጥ

ባለቤቴ ፍሪዘሩን ከፈተችና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። ስጋው አጠገብ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ተቀምጧል። የመኪናው መስታወት ማጠቢያ ነው አልኳት። ለአፍታ ዝም ብላ አየችኝ። ያን ዓይነት ዝምታ ያገባ ሰው ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በረዶ ባለበት አገር መንዳት ስጀምር፣ የፊት መስታወት ማጠቢያ ማለት ለእኔ ውሃና ጠብታ የዕቃ ሳሙና ነበር። አንድ ጠዋት ፈጣን መንገድ ላይ ከአንድ ተሳቢ ኋላ ሆኜ እነዳለሁ። የቀለጠው በረዶ፣ ጭቃውና መንገዱ ላይ የተበተነው ጨው ተደባልቆ እየተረጨ መስታወቴን ግራጫ አደረገው። ማጠቢያውን ተጫንኩ። ትንሽ ውሃ ወጣ፤ ዋይፐሩም አንዴ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ፊቴ ያለው ሁሉ ነጭ ሆነ። ውሃው መስታወቱ ላይ እንደተረጨ በረዶ ሠርቶ ቀረ። በጎን መስታወት አንገቴን አውጥቼ፣ አደጋ መብራት አብርቼ፣ እንደምንም ዳር ያዝኩ። እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዓመቱ ብልህ ሆንኩ፤ ወይም የሆንኩ መሰለኝ። እስከ 29 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም የሚል ፈሳሽ ገዛሁና ኮፈኑን ከፍቼ የማጠቢያውን ዕቃ ሞላሁት። ያው ነገር ተደገመ! ዕቃው ውስጥ የበጋው ውሃ ግማሽ ያህል ቀርቶ ነበር። 29 የሚለው ቁጥር የሚሠራው ጠርሙሱ ውስጥ ላለው ብቻ ነው። እኩል በእኩል ውሃ ካገኘው አቅሙ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይወርዳል። ሌላም ያላሰብኩት ነገር ነበር። ዕቃውን አዲስ ብሞላው እንኳ፣ ቱቦውና መርጫው ውስጥ የቀረው አሮጌው ውሃ ነው። ቀድሞ የሚረጋውም እሱ ነው። አሁን ብርዱ ከመግባቱ በፊት አሮጌውን እረጨውና እጨርሰዋለሁ። ከዚያ አዲሱን እሞላና ሽታው መስታወቱ ላይ እስኪመጣ ደጋግሜ እረጫለሁ።

ቁጥሩ ራሱ ደግሞ አንድ የሚደብቀው ነገር አለው። ፈሳሹ እንዳይረጋ የሚያደርገው አልኮል ነው፤ ሜታኖል፣ ኢታኖል ወይም አይሶፕሮፓኖል። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ይተናል። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ነፋሱ አልኮሉን ጠርጎ ይወስደዋል፤ መስታወቱ ላይ የሚቀረው አብዛኛው ውሃ ነው። ትነቱም በራሱ መስታወቱን የበለጠ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ዕቃው ውስጥ ፈሳሽ የሆነው ነገር መስታወቱ ላይ ሊረጋ ይችላል። እኔ ትንበያው 15 ከዜሮ በታች ካለ፣ ቢያንስ 25 የሚችል ነው የምፈልገው። ከዚያም በላይ የሚጠቅመው ግን ማሞቂያውን አስቀድሞ ወደ መስታወቱ እንዲነፋ ማድረግ ነው። መስታወቱ ለብ ሳይል አልረጭም።

ውሃ ላይ ስለሚጨመሩት ወፍራም ፈሳሾች ብዙ ይጠይቁኛል። ጥሩ ናቸው፤ ግን ጀርባቸውን አንብቡ። ለስንት ዲግሪ ስንት እጅ ውሃ እንደሚገባ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሊኖራቸው ይገባል። ከዜሮ በታች የሚል ቁጥር ጭራሽ የሌለበት ከሆነ ሳሙና ነው፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፉ ነፍሳትን ለማስለቀቅ ይጠቅማል፣ ለብርድ አይረዳም። ስትበጠብጡም የተጣራ ውሃ ይሻላል፤ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ኖራ ቀስ በቀስ መርጫውን ይደፍነዋል። ኮምጣጤ ጨምር ያለኝ ሰውም ነበር። ኮምጣጤ የሚረጋው ከውሃ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ዝቅ ብሎ ነው፤ ለሰላጣ ይሁን። ሌላው ወዳጄ የራዲያተር አንቱፍሪዝ፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣው ውሃ እንዳይረጋ የሚጨመረውን ፈሳሽ፣ አድርግበት አለኝ። እሱን በፍጹም! መስታወቱ ላይ እንደ ቅባት ይለጠፋል፤ ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት ምንም አታዩም። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነም ውሻና ድመት ይልሱታል፤ ይገድላቸዋል።

መርዝ ከተነሳ፣ ባለቤቴ ልክ ነበረች። ሜታኖል ሲጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ በትንሽ መጠንም ሊገድል ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ 0.6 በመቶና ከዚያ በላይ ሜታኖል ያለበት የመስታወት ማጠቢያ ለተራው ሸማች እንዳይሸጥ ከልክሏል። በሌሎች አገሮች ግን ዋናው ንጥረ ነገር እሱ የሆነ ፈሳሽ ዛሬም ይሸጣል። ቀለሙ ደግሞ ለልጅ ዓይን ለስላሳ መጠጥ ይመስላል። እኔ ያን ነገር ነው ስጋ አጠገብ ያስቀመጥኩት። የቤት ፍሪዘር 18 ከዜሮ በታች አካባቢ ስለሆነ ድብልቄን ልፈትሽበት ብዬ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ፣ ቦታው መጥፎ።

ከረጋባችሁ ደግሞ ቁልፉን ደጋግማችሁ አትጫኑ። ፓምፑ ሊቃጠል ወይም ፊውዙ ሊበጠስ ይችላል፤ እኔ ፊውዝ በጥሻለሁ። የፈላ ውሃ መስታወት ላይ መድፋትም አይታሰብ፤ ይሰነጠቃል። መኪናውን ሞቅ ያለ ጋራዥ ውስጥ ማቆም ነው የሚሻለው። ጋራዥ ከሌለ ሞተሩን ደጅ ላይ አስነስቶ፣ ሙቀቱ ኮፈኑ ሥር እስኪደርስ በትዕግሥት መጠበቅ ነው።

ብልቃጡ አሁን «መርዝ» ተብሎ ተጽፎበት፣ ልጆቹ የማይደርሱበት የበረንዳው ከፍተኛ መደርደሪያ ላይ ያድራል። ለነገሩ እዚያ ይሻላል፤ መኪናው የሚያድርበትን ብርድ አብሮ ይቀምሳል። ዛሬ ጠዋት ሳየው ከላይ ስስ በረዶ ይዟል። ከሥራ ስመለስ የመኪናውን ማጠቢያ ዕቃ ባዶ አድርጌ፣ ወፈር አድርጌ እበጠብጣለሁ።