ሳያም የቀላ ሽንት

አጎቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው አንድ ማለዳ ሽንታቸው ቀይ ሻይ መስሎ ቢያዩም፣ ምንም ሕመም ስላልተሰማቸው «የድሬ ሙቀት ነው፤ ውኃ አልጠጣሁም» ብለው ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ስለጠራ ነገሩ ተረሳ። ከሁለት ወር በኋላ ሲመለስባቸው የሄዱበት ክሊኒክ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መድኃኒት ሰጣቸው፤ መድኃኒቱ አለቀ፣ ደሙ ግን እንደገና መጣ።

ሳያም በሽንት የሚመጣ ደም የኩላሊት ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ ቢጠፋ እንኳ መመርመር አለበት። የጎን ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሽንትና በእጅ የሚዳሰስ እብጠት በአንድነት የሚታዩት በጥቂት የዚህ ካንሰር ሕሙማን ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ገፍቷል፤ ብዙው የኩላሊት ካንሰር ዛሬ የሚገኘው ለሌላ ጉዳይ በተደረገ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ነው።

ደሙ እንደገና ሲመጣ ያየቻቸው ሐኪም የአልትራሳውንዱን ስክሪን ወደ እኛ አዙራ በግራ ኩላሊታቸው ላይ ያለውን 5 ሴንቲ ሜትር እብጠት በጣቷ ዙሪያውን እየከበበች አሳየችን። የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየው ክሬአቲኒን በደማቸው ከተለካ በኋላ በደም ሥር ቀለም ተሰጥቷቸው ሲቲ ስካን ተነሡ። ውኃ የቋጠረ ተራ ከረጢት ቀለሙን አይስብም፤ የእርሳቸው ግን ጠጣር ሆኖ ስለሳበ ካንሰር መሆኑ አጥብቆ ተጠረጠረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከቀዶ ሕክምና በፊት ናሙና መውሰድ ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ የአጎቴም በሽታ በፓቶሎጂ (በአጉሊ መነጽር በሚደረግ የሥጋ ናሙና ምርመራ) የተረጋገጠው ኩላሊታቸው ከወጣ በኋላ ነው።

ለረጅም ዓመታት አጫሽ ነበሩ፣ የደም ግፊትም አለባቸው፤ ሁለቱም ለዚህ በሽታ የሚያጋልጡ መሆናቸውን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ በዚያች የመጀመሪያ ማለዳ እጃቸውን ይዤ እወስዳቸው ነበር።