ከጎንደር ስካውቶች ጋር ኮሶዬ ያደርኩ ለታ

ጎንደር የሄድኩት እህቴን ልጠይቅ ብዬ ነው። ጥምቀት ካለፈ ሰው ይቀንሳል፣ አልጋም ይረክሳል ብዬ አስልቻለሁ። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሳይነጋ ተነሳ፣ የአባይ በረሃን ተኝቼ አለፍኩት፣ ሲመሽ ጎንደር ገባን። ስለ መንገዱ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

ስለ ፔንሲዮኑ ግን አለኝ። እህቴ ቤት እንዳላድር የባሏ ዘመዶች በዓሉን ሊያከብሩ መጥተው ገና አልሄዱም። ስለዚህ ፒያሳ አካባቢ አልጋ ያዝኩ። ስሙን አልጠራም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ የወትሮውን እጥፍ ጠየቀኝ። "የጥምቀት ዋጋ ነው" አለ። "ጥምቀት እኮ አለፈ" ብለው፣ "እስከ ወሩ መጨረሻ የጥምቀት ነው" አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። ሙቅ ውሃ አለ? አለ። መቼ? "መብራት ሲኖር።" ጎረቤቱ ጭፈራ ቤት ነው፤ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ነበር። አዝማሪ ቢሆን ይቅር እል ነበር። ጎንደር ድረስ መጥቶ በማሲንቆ የሚማረር ሰው ችግሩ ከራሱ ነው። ይሄ ግን ስፒከር ነው፣ ያውም ቦሌ ትቼው የመጣሁት ዓይነት።

የእህቴ ልጅ 13 ዓመቱ ነው። ከአምና ጀምሮ ስካውት ሆኗል። "አልጋውን ራሱ ያነጥፋል እኮ" አለችኝ እናቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጎረቤት ሰምቶ ዓይን እንዳይበላው። "አጎቴ፣ ቅዳሜ ከኛ ጋር ውጣ" አለኝ ልጁ። ጠዋት ጽዳት፣ ከሰዓት ኮሶዬ፣ አዳሩም እዚያው፣ ድንኳን ውስጥ። እኔ ለሽርሽር ስወጣ ወንበር ያለበት ቦታ የምመርጥ ሰው ነኝ። ያንን ስፒከር ሳስበው ግን እሺ አልኩ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ፋሲል መዋኛ በር ላይ ነበር ቀጠሮው። አዲስ አበባ እንዲህ ከተባለ ሰው ከቤቱ የሚወጣው 1 ሰዓት ላይ ነው። እዚህ ግን ስደርስ ልጆቹ ስካርፋቸውን አስረው ተሰልፈዋል። መሪያቸው፣ በአዘቦቱ ቀን አስተማሪ የሆነ ወጣት፣ ግራ እጁን ዘረጋልኝ። ደነገጥኩ። እኛ ቤት በግራ እጁ ጨው እንኳ አቀብሎ ሳይቆነጠጥ የቀረ ልጅ የለም። ስካውቶች በየትም አገር የሚጨባበጡት በግራ ነው ብሎ አስረዳኝ። አንዳንዶቹ ለልብ ስለሚቀርብ ነው ይላሉ። ሌላው የሚወራው ታሪክ ጋና ካሉት የአሻንቲ ተዋጊዎች የመጣ ነው፤ ጋሻ የሚያዘው በግራ ስለሆነ፣ ግራህን ከዘረጋህ ጋሻህን አስቀምጠሃል ማለት ነው። ጎንደር ላይ ቆሜ ስሰማው ሁለተኛው አሳመነኝ።

ፋሲል መዋኛን በጥምቀት ዕለት በቴሌቪዥን ያላየ የለም። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ መጥቶ ገንዳውን ይሞላል፣ ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ከነልብሱ ዘሎ ይገባል። ከቀናት በኋላ ያለውን ግን ካሜራ አይመጣበትም። ሃይላንድ፣ የሸንኮራ ልጣጭ፣ ባለቤቱ የጠፋ አንድ እግር ሸበጥ። ግንቡን በሥሮቻቸው ጨምድደው የያዙት ትልልቅ ዛፎች ላይ፣ በሥርና በድንጋይ መካከል ባለው ክፍተት ሁሉ ፌስታል ተወትፏል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ ዘንድ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሃይላንዱ ግን በደንብ ይዳሰሳል። ወገቤ እስኪቆረጥ ዳስሼዋለሁ።

ልጆቹ የሚሠሩት በምድብ ነው። በየምድቡ ስድስት ሰባት ይሆናሉ፣ አለቃም አላቸው። የስካውት መሥራች ባደን ፓውል እ.ኤ.አ. በ1907 እንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት ላይ ወደ 20 የሚሆኑ ልጆች ይዞ የመጀመሪያውን ካምፕ ሲያወጣም እንዲሁ በትንንሽ ቡድን ከፋፍሎ፣ ለየቡድኑ ከልጆቹ መካከል መሪ ሰጥቶ ነበር። የኛ ምድብ አለቃ 15 ዓመት ያልሞላት ቀጭን ልጅ ናት። ደብተር ከእጇ አይጠፋም። "ጋሼ፣ እርስዎ ከዛፉ ወዲህ ያለውን ሎሚ ይልቀሙ" አለችኝ። የጥምቀት ሎሚ! ዒላማውን የሳተው ሁሉ ሳር ውስጥ ደርቆ ቀርቷል። ወንዶቹ አንድ ባገኙ ቁጥር ይሳሳቃሉ። "ይቺ የማን ደረት ልታርፍ ነበር?" አለ አንዱ። አለቃዋ ዞር ብላ ስታየው ሎሚዋን ማዳበሪያው ውስጥ ከተተና ሥራውን ቀጠለ።

ያናደደኝ ሥራው ሊያልቅ ሲል የሆነው ነው። ሰዎች በመኪና መጡ፣ ባነር ተዘረጋ፣ ንግግር ተደረገ። ሲለቅሙ ያረፈዱ ልጆች ፀሐይ ላይ ቆመው ስለ ጽዳት ጥቅም ተነገራቸው። ፎቶ ተነሱ። ባነሩ ተጠቅልሎ ሄደ፣ የታሰረበት ሲባጎ ግን አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከልጆቹ ሁሉ ትንሹ ሄዶ ፈታው፣ ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። "ገመድ አይጣልም" አለኝ።

ከሰዓት በኮንትራት የያዝነው ሚኒባስ መጣ። ከየልጁ 100 ብር ተዋጥቷል፣ ሽሮና ዳቦም ከዚያው ነው። ረዳቱ ድንኳኖቹን በአንድ ጠቅልሎ አሰረና ጣሪያ ላይ ሊወረውር ሲል አለቃዋ "ይሄ ይፈታል" አለች። "አንቺ ልጅ፣ እኔ ዕቃ ስጭን አንቺ አልተወለድሽም" ማለት ሲጀምር የገመዱን አንድ ጫፍ ይዛ ሳብ አደረገችው። ቋጠሮው ተንሸራቶ ወለቀ። ከዚያ ቀስ ብላ አሳየችው። የቀኙ ጫፍ በግራው ላይ ይሄድና ይጠመዘዛል። ቀጥሎ የግራው በቀኙ ላይ። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ካሰርከው ቋጠሮው ጠማማ ይወጣል፣ ሲጎተት ይከዳሃል። በትክክል ከታሰረ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። ቁስል የሚታሰርበትም ለዚህ ነው፣ በሽተኛውን አይቆረቁረውም። ረዳቱ አኩርፎ ሞከረ፣ አበላሸ፣ ደግሞ ሞከረ። ኮሶዬ እስክንደርስ የጫማውን ክር ሲያስርና ሲፈታ ነበር።

ኮሶዬ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሜዳው ደህና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። ከታች ቆላው ጭጋግ ለብሶ እስከ ዓይን ጥግ ተዘርግቷል። ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሳር ይነጫሉ፣ ሰው መጣ ብለው ቀና አይሉም። ቆንጆ ነው። ሌላ ጸሐፊ እዚህ ጋ አንድ ገጽ ይጽፍ ነበር። እኔ ወደ ሌሊቱ ልሂድ።

ድንኳኑ የአምስት ሰው ነው ተብሎ ስምንት ሆነን ገባን። ትንሹ ልጅ፣ ባለ ሲባጎው፣ ሌሊቱን ሙሉ እግሩን ሆዴ ላይ አሳረፈ። የአዲስ አበባ ብርድ ከበደኝ የሚል ሰው ጥር ላይ እዚህ ወገራ ይደር። ካልሲ ደርቤ፣ ጃኬት ለብሼ፣ ጋቢ ተከናንቤ አጥንቴ ይንገጫገጫል። ልጆቹ ያንኮራፋሉ። ያም አልበቃ ብሎ የጥበቃ ተራ አለ። "እኔ እኮ እንግዳ ነኝ" ብል አለቃዋ ደብተሯን አሳየችኝ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ከእህቴ ልጅ ጋር። እሳቱ ዳር ተቀመጥን። ከሩቅ ጅብ ጮኸ። "አዲስ አበባ ጅብ አለ?" አለኝ። "አለ" አልኩት፣ "ቀጠሮ የሚያከብረው እሱ ብቻ ነው።" እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እናቱ ያልነገረችኝን ብዙ ነገር እዚያች እሳት ዳር ነገረኝ፤ የሱ ጉዳይ ስለሆነ አልጽፈውም።

ገና 12 ሰዓት ሳይሞላ ፊሽካ ተነፋ። ቀጥሎ ዘፈን፣ ቀጥሎ ስፖርት። ይህን ክፍል እንደማልወደው በግልጽ ልናገር። ሰው ብርድ ላይ አድሮ ቡና ሳይቀምስ ለምን ይዘላል?

ያዳኑኝ ከማሳው ማዶ ያሉ እማማ ናቸው። ዘፈኑን ሰምተው የተቀቀለ ድንችና የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይዘው መጡ። መሪው ኪሱን ሲዳብስ ተቆጡ። "ልጅ ደጄ አድሮ ጦሙን ይሂድ? ምን ሁነህ ነው?" ድንቹ ይፋጃል፣ በሚጥሚጣ ነው። ሆቴል ቁርስ ብዬ የከፈልኩበትን ሁሉ ረሳሁት። ባለቤታቸውም ከኋላ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። የልጆቹን ስካርፍ አይተው ቆሙ። በንጉሡ ጊዜ ተማሪ ሳሉ ቦይ ስካውት እንደነበሩ፣ ደርግ ሲመጣ እንደቀረ ነገሩን። ከዚያ ሦስት ጣታቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጡ። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው፣ ድንቹን በግራ እጃቸው እንደያዙ፣ መለሱላቸው።

የዕለቱ ዋና ትምህርት ቃሬዛ መሥራት ነው። ሁለት ጠንካራ ዱላ፣ አንድ ጋቢ። ጋቢው መሬት ላይ ይነጠፋል፣ አንዱ ዱላ ሲሶው ላይ ይጋደማል፣ ጋቢው ይታጠፍበታል፣ ሁለተኛው ዱላ በላዩ ይደረጋል፣ የቀረው ደግሞ ተመልሶ ይታጠፋል። አይሰፋም፣ አይቋጠርም። የበሽተኛው ክብደት ራሱ ጨርቁን ይይዘዋል። "ጋሼ፣ በሽተኛ ይሁኑልን" ተባልኩ። ኪሎዬን አልናገርም፣ ግን ለስድስት ተሸከሙኝ። ዳገቱ ላይ አባባ ከዘራቸውን አንስተው አስቆሟቸው። "ዳገት ስትወጡ ራሱ ይቅደም፣ እግሩ አይደለም!" እሳቸው ይህን የተማሩት ከስካውት ይሁን ከመንደሩ ለመለየት ያስቸግራል። መኪና በማይገባበት አገር በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው በዚሁ ቃሬዛ፣ በወንዶች ትከሻ፣ እየተቀባበሉ ነው።

ስንመለስ መሪውን ከሁሉ አስቀድሞ ለምን ይህን እንደሚያስተምር ጠየቅኩት። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ፋሲል መዋኛ የተመልካች የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰው ተጎድቷል። "ከዚያ ወዲህ ነው" አለኝና ድስት ወደሚጭኑት ልጆች ሄደ።

መንገድ ላይ ወለቃ ቆምን። ቤተ እስራኤሎች የኖሩበት መንደር ነው፤ ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሸክላው ግን ዛሬም በመንገዱ ዳር ይሸጣል። አንዲት ትንሽ አንበሳ ዋጋ ጠየቅኩ፣ 300 ተባልኩ። የእህቴ ልጅ ከኋላዬ መጥቶ ያችኑ አንበሳ በ120 ገዛት። አነጋገሬ አስታወቀብኝ መሰለኝ።

ፒያሳ ስንወርድ ልጆቹ ተቆጠሩ፣ ደብተሩ ወጣ። ድንኳን የሚያናፍስ፣ ገመድ የሚያደርቅ፣ ማዳበሪያ የሚመልስ በየስሙ ተጠራ። "ድስት፣ ጋሼ" አለች አለቃዋ። ሽሮው ሥሩ አርሮ ጥቁር ብሏል። እስከ ሐሙስ ታጥቦ እንዲመለስ ተጻፈብኝ። ባጃጅ ጠራሁ። ሾፌሩ እኔንም ድስቱንም አየና "ለዕቃው 20 ብር ይጨምራሉ" አለኝ። ተከራከርኩ፣ አልቀነሰም፣ ከፍዬ ድስቴን ታቅፌ ገባሁ።